ሁለቱን ጎማ የሚያስማማው ብረት

በእኛ አገር ነገር ሲሰበር መጀመሪያ የሚፈለገው መጠገኛ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነው። ገንቦ ቢሰነጠቅ «ማን አይቶት ነው?» እንላለን። በሬ ቢያነክስ ጠዋት ከበረት ሲወጣ ማን እንደተላለፈው ይጠየቃል። ሰው ራሱ ወድቆ እግሩ ቢሰበር እንኳ፣ ወጌሻው ከመጠራቱ በፊት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያን ዕለት በዚያ በኩል ያለፈውን መንገደኛ ሁሉ በስም ሲቆጥር ታገኙታላችሁ። እግሩ ይጠብቃል። ይህን ስል በወገኖቼ ብቻ የማላግጥ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረንጁም ያው ነው። ልዩነቱ፣ እኛ «ማን አየው?» ስንል እሱ «ማን ይዞት ነበር?» ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሌ ሆኖ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ገብቼ አውቃለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ከጎንደር መተማ የሚመላለስ የአንድ ካሚዮን ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር ስላችሁ ዛሬ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ያኔ በቆላው ሁሉ መሪ የሚይዝ የአገር ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበር። ከመተማ በፊት ያለችው ሸሕዲ ስገባ ልጃገረዶች እንስራቸውን አውርደው ያዩኛል። የሚያዩት መኪናውን ነው የሚል ካለ ቅናት ይዞት ነው። መሪውን የያዝኩት ከእኔ በፊት የነበረውን ጣሊያን ሾፌር ወባ ስለጣለችው ነውና፣ ሌላው ወባን ሲረግም እኔ በልቤ አመሰግናት ነበር።

አሠሪዬ ሲኞር ቤፔ ይባላል። መተማ ላሉት ወታደሮች ሲሚንቶና ቤንዚን ለማድረስ ኮንትራት የያዘ፣ ከምግብ ይልቅ ኪኒን የሚበላ ቀጭን ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን እንዳይቀመጥ የሚል ሕግ ነበር። ሾፌርን ደግሞ ጭነት ላይ ሰቅሎ ማስነዳት አይቻልም። ቤፔ ብዙ ካሰበ በኋላ ጋቢናው ውስጥ ከድንኳን ሸራ የተቀደደ መጋረጃ በመካከላችን ሰቀለ። እንዲህ አድርገን፣ እሱ ከሕጉ ጋር እኔ ከመሪው ጋር፣ በየፊናችን እንጓዝ ነበር።

የካሚዮኑ ችግር አንድ ነው። ከሥሩ፣ ከፊት ጎማዎቹ መካከል፣ ቲራንቲ የሚሏት አግዳሚ ብረት አለች። ሥራዋ ሁለቱን ጎማ ማስማማት ነው፤ ግራው ሲዞር ቀኙም እንዲዞር። እሷ ከተሰበረች አንዱ ጎማ ወደ ሱዳኑ ገላባት፣ ሌላው ወደ ጎንደር ያቀናል፤ ሾፌሩ የሁለት መንግሥት ዜጋ ሆኖ መካከል ላይ ይቀራል። መንገዱን ታውቁት እንደሆነ፣ በበጋ ዋልካው ደርቆ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከስንጥቁ ስታመልጡ የወንዝ ድንጋይ ይቀበላችኋል። ቲራንቲዋ ሦስት ጊዜ ተሰበረች። በተሰበረች ቁጥር ከጎንደር አዲስ ትመጣለች፤ አዲሷም እንደ አሮጌዋ ቀጭን፣ ውስጧ ባዶ ቱቦ ናት። ቤፔ ግን ብረቷን አልጠረጠረም። ሦስተኛዋ ጓንግ ወንዝ ውስጥ ስትሰበር መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ «አራተኛዋ ከተሰበረች መሪውን ትለቅና መንገድ ሥራ ገብተህ ድንጋይ ትፈልጣለህ» አለኝ በጣሊያንኛ። ይህን ብሎ ወባው ስለተነሳበት ሸሕዲ ካለው የጣሊያኖች ሰፈር ገብቶ ተኛ።

ፈራሁ። ድንጋይ መፍለጡ አይደለም ያስፈራኝ፤ ስፈልጥ መታየቱ ነው። እነዚያ እንስራ ያወረዱ ልጆች ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት።

ከሸሕዲ ዳር አያ ቢተው የሚባል ቀጥቃጭ ይኖራል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ የምንበላበት ቢላዋ ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ነው፤ ሰው ግን ጠይብ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እያለ ደጁን አይረግጥም። እኔም ከሰው የተለየሁ አልነበርኩም። ጣሊያኑ እኔን በመጋረጃ ሲሸሸኝ ደሜ ይፈላል፤ ያን ሽማግሌ ግን ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። ሌላ አማራጭ ግን አልነበረኝምና የተሰበረችውንና አዲሷን ቲራንቲ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ከደጁ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩና ተጣራሁ።

«ምነው እዚያ ተገተርክ?» አለኝ ከወናፉ አጠገብ ሆኖ። «ዓይኔ እኮ እዚያም ይደርሳል።»

ቀረብኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል። የተሰበረችውን ወስዶ አገላበጣት። በጫፏ ያለችውን፣ እንደ ሰው ጉልበት የምትዞረውን ኳስ በአውራ ጣቱ ነቀነቃት።

«ይችን ሰው አይዶለም የሰበራት» አለ። «እዚህ ጋ አቧራ ይገባል፣ ኳሷን ይበላታል። ኳሷ ስትላላ ድንጋዩ አንድ ሲመታት እሷ መልሳ ሦስት ትመታለች። ገላዋ ደግሞ ባዶ ነው። ብረት አምጣ።»

ከመንገድ ሥራው ሰፈር አንድ ድጅኖ አንስቼ አመጣሁለት። ሁለት ቀን ቀጠቀጠ። ድጅኖውን አቅጥኖ በአዲሷ ቲራንቲ ባዶ ሆድ ውስጥ ነዳው፤ ከዚያ ገደል ከገባ መኪና ከተረፈ ባሌስትራ፣ የመኪናውን ንዝረት ከሚያበርደው ብረት፣ አራት ቀለበት ሠርቶ፣ እያጋለ ከውጭ አጠለቀላት። ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ ጨምድዶ ያዛት። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሱ ግን እያየሁት መሆኑን እያወቀ ቀና አላለም። በመጨረሻ፣ አቧራ እንዳይገባ ኳሷ በስብ ተለውሳ በለስላሳ ቆዳ መጠቅለል አለባት አለ። ተራ ጠፍር አይሆንም፤ መጽሐፍ እንደሚለበጥበት እንደ ባሕር አረብ ያለ፣ ስስና ጠንካራ ቆዳ ነው የሚያስፈልገው። በሸሕዲ እንዲህ ያለ ቆዳ ከየት ይመጣል?

ካሚዮኑ ጋ ስመለስ ቆዳው ራሱ መጣልኝ። ከእኛ ጋር ጭነት ላይ ተሳፍረው መተማ የሚወርዱት ነጋዴዎች፣ መኪናው በጠይብ እጅ ሊነካ መሆኑን ሰምተው ኖሯል። እያንዳንዱ ክታቡን ይዞ ደርሷል። መሪው ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ ዘጠኝ ክታብ ተንጠልጥሏል፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ ሁሉም በቀይ ባሕር አረብ የተለበጠ። የሰሊጥ ነጋዴው ሐጂ ዑመር የሁሉም አፈ ጉባኤ ነው።

«ያ ዞል!» አለኝ፤ በሱዳኖች አነጋገር «አንተ ሰው» ማለቱ ነው። «እኔ ዓረቢያህ፣ መኪናህ ላይ የምወጣው ይኸ ሲታሰርላት ነው። ያለዚያ ኸላስ፣ በግመል እሄዳለሁ።»

አያ ቢተው ቲራንቲዋን ሊያስር ሲመጣ ነጋዴዎቹ ከዛፍ ሥር ተኮልኩለው ፊታቸውን አዞሩ። እሱ ክታቦቹን አንድ ባንድ አያቸው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ይኸ ሁሉ ቆዳ እኔን ፈርቶ ነው የመጣ? እግዜር ይስጣቸው። ፍታና አቀብለኝ።»

አስቡት እንግዲህ። ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ የታሰረ ክታብ ፈትቼ ቡዳ ለተባለው ሰው በእጄ ላቀብል ነው። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ይዤ ቆምኩ። ደግሞ ድንጋይ ፈለጣው ትዝ አለኝ። ፈታሁ። እሱም አንዱንም ሳይቀድ፣ ጽሑፉ በየማህደሩ እንዳለ፣ በሰሊጥ ዘይትና በበግ ጮማ አሽቶ ኳሶቹን በክታብ ጠቀለላቸው፤ በጠፍርም አጠበቃቸው። ለነጋዴዎቹ ክታቡ ወደ መኪናው ጉልበት መዛወሩን ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ሐጂ ዑመር «ተማም!» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ሲሚንቶው ላይ ወጣ።

በማግስቱ ቤፔ እየተንገዳገደ መጥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና ተነሳን። መተማ ሳንደርስ አንድ ደረቅ ጅረት አለ፤ ድንጋዩ የበሬ ጭንቅላት የሚያህል ነው። የግራው ጎማ አንዱን በደንብ አድርጎ መታው። ዓይኔን ጨፈንኩ። የቲራንቲዋን መሰበር ስጠብቅ የተሰማኝ ሌላ ስብራት ነው፤ መሪው በእጄ ውስጥ ተፈናጥሮ አውራ ጣቴን ሰበራት። ድሮ ድንጋዩ የሚሰብረው ቲራንቲዋን ነበር፤ እሷ እምቢ ስትለው ቀጥሎ ያለውን ለስላሳ ነገር ፈልጎ እኔን አገኘ። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ማዶ ወጣ።

ቤፔ ወርዶ ከሥር ገባ። ቀለበቶቹን ዳሰሳቸው፤ ክታቦቹን አያቸው፤ ክታብ መሆናቸውን ግን የት አውቆ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «ማነው ይህን የሠራው?» አለ።

ጉዴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። «ከጠይብ ቤት ሄድኩ» ማለት አፌ ላይ ከበደኝ። ደግሞ የሰውየው ፊት ምስጋና ይዞ ሲጠብቅ፣ ምስጋናው ባለቤት አጥቶ እንዳይቀር አዘንኩለት መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤፔ ሕጉን ሁሉ ረስቶ እጄን ጨበጠኝ። የተሰበረውን።

መተማ ስንገባ ገበያው ሞልቶ ነበር። ቤፔ ጋቢናው ላይ ቆመ፤ ትከሻዬን ይዞ በዚያች በሚያውቃት ትንሽ አማርኛ ለሕዝቡ ጮኸ። «ይህ ሰው ቀጥቃጭ! በጣም ጎበዝ ቀጥቃጭ!» ብዙ አማርኛ አያውቅም፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር። ወዲያው እንዲህ ያለ እጅ በመሪ ላይ መባከን የለበትም ብሎ፣ መሪውን ከአስመራ ለመጣ ሾፌር ሰጠና እኔን ሸሕዲ በሚገኘው ጋራዥ የመኪና ብረት አጠናካሪ አድርጎ ሾመኝ። ከጠይብ ደጅ መሄዴን ልደብቅ የዋሸኋት ውሸት የጠይብ መዶሻ አስጨበጠችኝ።

ሕዝቡስ? ነጋዴዎቹ ቲራንቲዋን ሊያስር ማን እንደመጣ በዓይናቸው አይተዋል፤ ይመሰክሩልኛል ብዬ ነበር። ሐጂ ዑመር ከጭነቱ ወርዶ በሩቁ ተመለከተኝና፣ «ለካ የአያ ቢተው ዘመድ ኖረሃል! እኔስ ያለ ዝምድና ማን ደፍሮ ደጁ ይሄዳል ብዬ ነበር» አለ። አይደለሁም ብዬ ማልኩ። «ድሮስ ነኝ የሚል አለ?» አሉ ሌሎቹ። ሳምንት ሳይሞላ ጠጅ ቤት ብርሌዬ ለብቻዋ መቀመጥ ጀመረች። እንስራ ያወረዱት ልጃገረዶች እንስራቸውን እንዳነሱ ያልፋሉ፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው። ከፋኝ። ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን የተሸከመውን እኔ አንድ ሳምንት መሸከም አቃተኝ።

የመኪና ብረት አጠናካሪው ደግሞ ወናፍ እንኳ መንፋት አይችልም። ስለዚህ ወደ አያ ቢተው ሄድኩና፣ በዚህ ጊዜ ከደጁ አልቆምኩም፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«አያ፣ ይማሩኝ። ሙያውንም ያስተምሩኝ።»

«አስተምርሃለሁ» አለ። «አገሩ ያሻውን ይበል፤ እኔ ከአገሩ ጉዳይ የለኝም። ሚስቴ ግን ጭልጋ የወለደች ልጇን ስትጠይቅ ሰንብታ ዛሬ ብትመጣ፣ ገበያ ላይ ያንተን ሙያ ሰምታ ‹ሾፌሩ እንዲህ ሲሠራ አንተ ምን ስትሠራ ከረምክ?› አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ብረት የቀጠቀጥኩ እሷ እንድታየው ነው። ግባና ንገራት።»

ገባሁ። እትዬ ብርቄ ሰሊጥ ታበጥራለች። አንደበቴ እየተሳሰረ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ቀለበቱ ሲጠልቅ ብረቱ ምን መልክ ነበረው?» አለችኝ።

«ቀይ» አልኩ።

«ቀይ ሲሆን ገና ነው፤ እንደበሰለ ሎሚ ሲሆን ነው የሚጠልቀው» ብላ ሳቀች። «የእሱን እጅ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? እንዲያው ላበሳጨው ብዬ ነው እንጂ። በል ለእሱ እንዳትነግረው፤ ተቀመጥና ምሳ ብላ።»

ለእሱ አልነገርኩትም። ቲራንቲዋን ማን እንደሠራ ከእሷ ቀጥሎ ከአፌ የሰማችሁ እናንተ ናችሁ። ለሲኞር ቤፔም ልነግረው ቆርጬ ነበር፤ ምን ይሆናል፣ እንግሊዝ ቀድሞኝ አባረረው።