የገንፎው እንጨት

ሚስት ስታምጥ ባልን ላጽናና ብሎ መጥቶ ባልን ከሚስቱ በላይ የሚያስጮኽ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የኛን የመርሳ ከተማውን ግን የሚስተካከል አልነበረም። ክቡር ጋሽ ኢስሐቅ መናኸሪያው ዳር ብርቱካን ቸርቻሪ ሲሆኑ፣ ቀበሌው ሳይመርጣቸው፣ ፓርቲው ሳያውቃቸው፣ በገዛ ሥልጣናቸው የባሎች ጉዳይ ኃላፊ ሆነዋል።

ምጥ በተባለ ቁጥር ሴቶቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ እርሳቸው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከች ይላሉ። "አብሽር! የባሰ አይቻለሁ" ይሉና የባሰውን መተረክ ይጀምራሉ። በተለይ ግራና በምትባለው መንደር ያማጠችውን ሴት ወሬ ሳያነሱ አይቀሩም። ባልየው ላብ በላብ ሲሆን መጥረቢያውን ያስጨብጡታል። "በል ፍለጥ! ገንፎው በምን ሊበስል ነው?"

መምህር ታደሰ የግራናዋን ሲሰማ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ውሃ ደፍተው አስነሱትና አስፈለጡት። ስሙ ሲጠራ መንገድ የምንቀይርለት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሙላቱ እንኳ ሚስቱ ባማጠች ቀን ሽጉጡን እንደታጠቀ ሲፈልጥ ዋለ። "ዝቅ በል እንጂ ጓድ! ወገብህን እጠፍ!" ይሉታል። እኛ በአጥር ቀዳዳ እያየን አንጀታችን ራሰ።

የኔ ተራ በ1977 ደረሰ። ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ለወሎ ሰው አይነገርም። ባለቤቴ ፋንቱ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ጠዋት የያዛት ምጥ እስከ ማታ አልለቀቃትም። ወልድያ ሆስፒታል እንዳላደርሳት መኪና የተባለ ሁሉ ወታደር ጭኖ ሄዷል። ጋሽ ኢስሐቅ ደግሞ ጎኔ ቆመው ስለ ግራናዋ ያወራሉ።

"ኧረ ስለ አላህ ይተዉኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ፍለጥ" አሉኝ።

ፈለጥኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከመጥረቢያ ጋር አንተዋወቅም። እንጨቱን ፈለጥኩት ከማለት አኘኩት ማለት ይቀላል።

ከዚያ "ማርያም ማርያም" የሚለው የሴቶቹ ድምፅ ቆመ። እልልታ ጠበቅሁ። እልልታ የለም። የሕፃን ልቅሶም የለም። ፋንቱ ተርፋለች፣ ልጅቷ ግን ሳታለቅስ ሄደች አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ኢስሐቅን አየኋቸው። "የባሰ አይቻለሁ" ቢሉኝ አንቃቸው ነበር። አላሉም። መጥረቢያውን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ አጎንብሰው የፈለጥኩትን እንጨት አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው በገመድ አሰሩና ተሸክመውት ወጡ። ድርቁ ዛፉን ሁሉ ጨርሶት እንጨት ብርቅ የሆነበት ጊዜ ነበር። "በሐዘኔ ላይ እንጨቴን!" ብዬ ተንገበገብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብርቱካናቸውን አልገዛሁም፣ ሰላምታም ነፈግኋቸው።

ፋንቱ እንደገና ምጥ ሲይዛት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ጋሽ ኢስሐቅ ሸክም አጉብጧቸው መጡና እግሬ ሥር ዘረገፉት። እንጨት ነው። አንዱን አንስቼ አየሁት። እንደዚያ አድርጎ እንጨት የሚያኝክ በመርሳ ከኔ በቀር የለም።

"አላነደዱትም?"

"የልጅ ገንፎ እንጨት ለወጥ ይነዳል እንዴ? ያኔ ፋንቱ ከቤት ስትወጣ እንዳታየው ብዬ ነው የወሰድኩት።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እርሳቸው ግን ጊዜ አልሰጡኝም፣ መጥረቢያውን አስጨበጡኝ። "ይህ ብቻ የት ይደርሳል? በል ፍለጥ! አብሽር፣ የባሰ..." ብለው በድንገት አፋቸውን ያዙ።

ከውስጥ "ማርያም ማርያም" እየተባለ ነው። ድምፁ እንደ ያኔው እንዳይቆም እየፈራሁ መጥረቢያውን አነሳሁ።

"ይንገሩኝ ጋሽ ኢስሐቅ" አልኳቸው። "የግራናዋን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"