የመርዝ ቅነሳው እቅድና የአክስቴ ጠላ

ሰው ሥራ ሲያቅተው እቅድ ያወጣል፤ እቅዱም ሲያቅተው ግምገማ ይጠራል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ቡሬ ተቀምጬ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከከተማችን ጫፍ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ነበር። ወንዙ ቀለሙን ሲለውጥ፣ ከብቱም አልጠጣም ሲል፣ ፋብሪካው የሚጠቀመውን መርዘኛ ኬሚካል የሚቀንስበት እቅድ ይውጣ ተባለ። እኔ ፊደል በራሴ ቆጥሬ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ነገረኛ ነኝና የነዋሪው ተወካይ ሆኜ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቅነሳው ሲናገሩ ብትሰሙ፣ መርዙ አፍሮ በራሱ የሚሄድ ይመስላችሁ ነበር። የትኛው ኬሚካል በምን ይተካል ብዬ ብጠይቅ፣ «በሂደት» አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ? የእኛም ላም እቅዱ ላይ ንጹሕ ውኃ ትጠጣ ነበር! በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ገጽ የተፈጸመችው አንዲት መስመር ናት፦ የኬሚካሉ ባዶ በርሜሎች ከግቢ ይወገዱ። ወዴት ተወገዱ? ለነዋሪው ታደሉ፤ ያውም በጭብጨባ።

አንዱ ለአክስቴ ለእትየ ጥሩወርቅ ደረሳቸው። የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ነበርና ጠላ ጠመቁበት። ማኅበርተኛው ሁሉ ሊጠጣው ነው! ሮጥሁ። ይህ በርሜሉ ላይ ያለው የራስ ቅል ሥዕል መርዝ ማለት ነው፣ ይድፉት ብላቸው፣ የአዳም ራስ ነው፣ ከስቅለቱ ሥር የሚሣለው ብለው ሊሳለሙት ምንም አልቀራቸውም። ደግሞስ በግራዋ ሦስት ጊዜ አጥበው በወይራ አጥነውታል! ስንት ጋን ያጠራ ግራዋ ለአንድ በርሜል ሊያንስ ነው? «አንቺ ልጅ፣ ንባቡ አናትሽ ላይ ወጣ» ብለው አሰናበቱኝ።

የማኅበሩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ተጋብዘው መጡ። አክስቴ የመጀመሪያውን ዋንጫ በሁለት እጃቸው አቀረቡና፣ በሰጡን በርሜል የጠመቅሁት ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ አሏቸው። ሰውየው ዋንጫውን ከከንፈራቸው መለሱት። ጨጓራ አለብኝ እናቴ፣ አሉ።

ታዲያ ጠጅ ላምጣልዎ?

«ጠጁስ በምን ተጣለ?»

በጋን።

«እንግዲያው ትንሽ ይቅዱልኝ።»

አክስቴ ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ጉድጓድ አስቆፍረው ጠላውን እስከ ጠብታው አስደፉት። እኔ ጮኼ ያላስደፋሁትን የአንድ ሰው ጨጓራ አስደፋው! ወደ እኔ ዞረውም፣ «አየ ልጄ፣ እቅዱ ገና ዛሬ ገባኝ» አሉኝ። «ለካስ መርዙ የሚቀነሰው ከእሳቸው ጉሮሮ ኖሯል!»