ልጄን ጢስ ያሞቅናት ዕለት

መርፌ የማትወጋ፣ ክኒን የማትሰጥ ሐኪም ገጥማችሁ ታውቃለች? እኔን አሶሳ ላይ ገጥማኛለች። ሥራውን የምትሠራው በሽተኛዋ፣ ቆማ የምታየው ሐኪሟ። ታዲያ እንዴት አልጠርጥር?

በሽተኛዋ ልጄ አስማ ናት፤ አስተማሪ። አዲስ አበባ በማሽን ታየችና መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ተባለ፤ የነርቭን ሽፋን የሚበላ በሽታ። ፊዚዮቴራፒ የሚሉት በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና እግሯን ያቆይላታል አሉን። አስማ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ማስተማር።

ሐኪሟ ብርቱካን ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። መጀመሪያ እርጥብ ፎጣ አስማ አንገት ላይ ታደርግላታለች። ከዚያ ተነሺ፣ ተቀመጪ፣ በሁለት መደገፊያ ብረቶች መካከል ሂጂ። ልጄ ደህና መራመድ ስትጀምር "በቃ፣ እረፊ" ትላታለች። አህያ እንኳ መንገድ ከያዘች ማን ያስቆማታል? ደግሞ ለደረቀ እግር ቀዝቃዛ ፎጣ?

ለባለቤቴ ለዘይነባ ነገርኳት። እሷ ለካ ከኔ ብሳ ጠርጥራለች። በእኛ ቤት የደረቀ አካል መድኃኒቱ ጢስ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እንጨት ይጨሳል፣ ሴቲቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ላዩ ትቀመጣለች።

"አባ፣ ብርቱካን ሙቀት አይስማማሽም ብላኛለች" አለች አስማ።

"የደጋ ሰው ስለ ሙቀት ምን ታውቃለች?" አልኩ። ንግግሬ ደስ አለኝ።

ጉድጓድ ቆፍረን ጢሱ ላይ አስቀመጥናት። ልትነሳ ስትል እግሯ የለም። ዘይነባ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈን በባጃጅ ወደ ብርቱካን ወሰድናት።

ብርቱካን የአስማን ቀሚስ አሸተተችና ገባት። አልተቆጣችም። ፎጣ አረጠበች፣ ማራገቢያ ከፈተች። ሙቀት ነርቩን ያደክመዋል፣ ሲበርድላት ይመለሳል አለች። አላመንኳትም፤ ቁጭ ብዬ የልጄን እግር አየሁ። ቆይቶ አውራ ጣቷ ተነቃነቀ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

"አባባ፣ እኔን ይጠረጥሩኛል አይደል?" አለችኝ ብርቱካን።

ከዘራዬን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረግኩ።

"እንግዲያው ሥራ አለዎት። አስማ ሲደክማት አትናገርም። እሷንም ይጠርጥሩልኝ። እግሯ መሬት መጎተት ሲጀምር ያስቁሟት።"

ይኸው አሁን አስማ ከነፎጣዋ ታስተምራለች። እኔ ከክፍሉ ውጭ ማንጎው ሥር ተቀምጬ በመስኮት እግሯን አያለሁ። መጎተት ሲጀምር ከዘራዬን አነሳለሁ፤ እሷም ወንበሯን ትስባለች። "ደህና ነበርኩ እኮ አባ" ትለኛለች ሁልጊዜ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ባለፈው ርእሰ መምህሩ መጣ። አባት ልጁን ማመን አለበት፣ ትንሽ ይልቀቋት አለኝና ሻይ ጋበዘኝ። ሄድኩ። ስመለስ አስማ እግሯ ከድቷት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ተማሪዎቿም ዙሪያዋን መሬት ላይ ተቀምጠው ትምህርቱ ቀጥሏል።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካንን መጠርጠር ትቻለሁ። የምጠረጥረው ሻይ የሚጋብዘኝን ነው።