የሰባቱ ነጠላዎች ሒሳብ

ሙሽራ የሚጨነቀው በሙሽሪት ነው ያላችሁ ማን ነው? እኔን ያስጨነቀኝ ጥለት ነው። አዎ፣ የነጠላ ጥለት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጎረቤላ ላይ ልዳር ስል፣ እናቴና የእጮኛዬ እናት እትዬ ዘነበች ተኳርፈው ነበር። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ለአንድ ጥምቀት አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው ተገናኙ። እናቴ «ከእኔ አይታ ነው» አለች፤ እትዬ ዘነበችም እንደዚያው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ሁለቱም ለየብቻቸው ማሉ፤ እኔን መስላ የመጣች እንደሆነ ዳሱን ጥዬ ወደ ቤቴ ነው አሉ። ያለ እናት ምርቃት ደግሞ ምን ሠርግ አለ?

ነጠላ የማለብሰው እኔ ነኝ። ሰባት ሴቶች፤ ሁለቱ እናቶችና አምስት አክስቶች። ሸማኔው ጋሽ ወልዴ ያላቸው ቀለም ደግሞ ሁለት ብቻ። ጥለታቸው ከዳር ቀይ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ቀይ ነው። ከሦስቱ መስመሮች የፈለግከውን ላስቀርልህ ይላሉ፤ ቅደም ተከተሉን ያዛቡ ብትሏቸው ግን እጄ አይታዘዝልኝም ባይ ናቸው። ያስቀሩትም ቦታ ባዶ አይቀመጥም፤ ቀጣዩ ወደ ዳር ይጠጋል።

ከዚህ ስንት ዓይነት ነጠላ ይወጣል? ሚዜዬ ጌታነህ ደብረ ብርሃን ተምሮ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ጠመኔውን አነሣ። እያንዳንዱ መስመር ወይ ይገባል ወይ ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ በጨመርን ቁጥር እጥፍ ይሆናል አለኝ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ምንም ጥለት የሌለው አንዱ ይውጣ። ሰባት። ልስመው ምንም አልቀረኝ። ለእናቴ የመጀመሪያውን ቀይ ብቻ፣ ለእትዬ ዘነበች የመጨረሻውን ቀይ ብቻ ደለደለ። ሰሌዳው ላይ አንዱ እዚህ ጫፍ፣ ሌላው እዚያ ጫፍ ነበሩ። ከዚህ በላይ ማራራቅ አይቻልም ብሎ ኮራ።

ጋሽ ወልዴ የታዘዙትን ሠርተው ለየቤቱ ላኩ። የሠርጉ ዕለት ሁለቱ እናቶች ዳሱ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የእናቴ ጥለት አንዲት ቀይ መስመር። የእትዬ ዘነበችም አንዲት ቀይ መስመር። ወደ ሚዜዬ ዞርኩ። ጌታነህ የዳሱን ጣሪያ ያያል።

እትዬ ዘነበች ሊመለሱ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ የሁለታችንም ቤት የነፍስ አባት ብድግ አሉ።

«ታርቃችሁ በአንድ ልብስ መጣችሁልን? እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አሉ።

በቄስ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ አልታረቅንም የምትል ማን ናት? መስቀሉን ተሳለሙ። እልልታው ቀለጠ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወጡ ሳይቀርብ እናቴ የአማቴን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ስታስተካክል አየሁ፤ አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ።

ጌታነህ ግን ልቡ አላረፈለትም። ሰንብቶ መጣና ስሕተቱን አገኘሁት አለኝ። የኋለኛው ቀይ ብቻውን ሲቀር ወደ ዳር ይጠጋና፣ የፊተኛው ቀይ ብቻውን የሠራውን ያንኑ ነጠላ እንደገና ይሠራዋል። የተደገመው መቀነስ ነበረበት። መልሱ ስድስት ነው።

በዓመቱ ደብረ ሲና ላይ ራሱ አገባ። የእሱም እናትና አማት እንደኛዎቹ ዓይንሽን ለአፈር የሚባባሉ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሒሳቡን አልሳተም። ቀለም አስጨመረ፣ የተደገመውን ሁሉ ቀነሰ፣ ለእያንዳንዷ ሴት የብቻዋን አለበሰ። ሁለቱ እናቶች በየነጠላቸው አምረው መጡ። በየማእዘናቸውም ተቀመጡ።

እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። ክርስትና ቢሆን፣ ፋሲካ ቢሆን፣ ጌታነህ ሁለት ጊዜ ይደግሳል። አንዳንዴ እኛ ቤት ብቅ ሲል እናቴና አማቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ ያገኛቸዋል። ቆሞ ያያቸውና በረጅሙ ይተነፍሳል።

«ምነው ባልቀነስኩ» ይላል።