ሊቀ ሽቦ አማቼ

ሽቦ የማይጎትት አማች የለም። የለኝም የምትል ካለች፣ ልጇን ገና አልዳረችም ማለት ነው።

የኔው ከበሮ መቺ ነው። ከበሮ ብቻ ቢሆን እሰየው፤ እሱስ ሲመታ ይዋጣለታል። ግን ሊቀ ሽቦ ከበሮውን ከኮምፒውተር ካላጋባ እንቅልፍ አይወስደውም። ድም ሲያደርግ ግድግዳው ላይ ቀይ ነገር ይፈነዳል፣ ጣ ሲያደርግ ሰማያዊ ይንጠባጠባል፣ ኮምፒውተሩም ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ድምፅ ይመልስለታል። «አንተ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» ስለው፣ «ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው የቀረችው፣ እማዬ» ይላል። ልጄ ሁለት ወልዳለች፣ እቺ ትንሽ ማስተካከያ ግን አላለቀችም።

ድምፁን የሚለቅመው ደግሞ ከቤት ነው። በሩ ሲጢጥ ሲል፣ የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ ልጄ ስታስነጥስ። ሳሎን መሃል ማይክ ገትሮ የሰማውን ሁሉ ለከበሮው ያጎርሰዋል። እኔ ደግሞ ስልክ ካነሳሁ ማይክ አይታየኝም።

ባለፈው ቅዳሜ አማቼ ሊጫወትበት የሚመኘው አዳራሽ ኃላፊ ሊያየው መጣ። ከወደደው መድረክ ይሰጠዋል። ካልወደደው ግን አማቼ ለልጄ ቃል ገብቷል፤ ሽቦውን ጠቅልሎ ወንድሙ የቀለም ሱቅ ውስጥ ሊቀጠር። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ልጄ ጥፍሯን ትበላለች።

አማቼ ትልቁን ከበሮ ድም አደረገው። ግድግዳው ቀላ። ከድምፅ ማጉያው የኔ ድምፅ ወጣ፤ በዋዜማው ለጎረቤቴ በስልክ ያልኩት። «የአዳራሹ ኃላፊ አናቱ እንደ እንቁላል ነው አሉ።» አማቼ ደንግጦ ትንሹን ከበሮ ነካው። «ኮፍያ የሚያደርገው ለዛ ነው።»



«ማናት?» አለ ሰውዬው ራሱን እየዳበሰ።

አማቼ ወደኔ ዞር እንኳ አላለም። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ነው የሴት ያስመሰለው።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። የቀለሙ ሽታ ከአሁኑ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ተነሳሁ።

«ይዋሻል፣ ጌታዬ። ያልኩት እኔ ነኝ። ሳይዎት ግን ከተባለው ይሻላሉ።»

ሰውዬው መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሆዱ ተንቀጠቀጠ። ለካ ሳቅ ነው። «ድገመው እስቲ» አለው እንባውን እየጠረገ። «መድረኩ ላይ ስትወጣም እሳቸውን እንዳታስቀር።»

ዕድሜ ልኬን ሰው አምቼ «ያልኩት እኔ ነኝ» ብዬ አላውቅም። ለልጄ አባት እንኳ አላደረግኩትም።