ሰምቶ የማያውቀው ጆሮ

ሕዝብን መውደድ በአፍ ቀላል ነው። ከልቡ የሚወድ ግን ሕዝቡ ሲያናግረው ይሰማል፤ አብልጦ የሚወድ ደግሞ ሳያናግሩትም ይሰማል። እንዲህ ዓይነት የተትረፈረፈ ፍቅር የነበረው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ «የሕዝብ ድምፅ እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት» ይባላል። ስሙን ያወጣው ኮሚቴ ከረጅም ውይይት በኋላ «ጆሮ» የሚለው ቃል በየትም በኩል እንዳይገባበት ወስኗል።

በአዋጅ የተሰጠው ሥራ የስልክ መስመሮችን ጥራት መጠበቅ ነው። መቼም ጥራት በሩቁ አይጠበቅም። አንድ ዜጋ «ሄሎ» ሲል ጥርት ብሎ መሰማቱን ለማረጋገጥ ከ«ሄሎ» መጀመር ያስፈልጋል፤ መሀል ላይ ጥራቱ ቢወርድስ ተብሎ ደግሞ እስከ «ቻው» ድረስ መከተል ግድ ነው። ይህን ማዳመጥ የሚለው ክፉ ሰው ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ «ከተቋቋምን ጀምሮ አንዲት ቃል ሰምተን አናውቅም» ይላል። ከተማውም መግለጫውን አንብቦ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለ መግለጫው ግን በስልክ አያወራም።

የዚህ የተቀደሰ ሥራ ኃላፊ ሠራተኞቹ ከኋላው «ቃል በቃል» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ከተራ አዳማጭነት፣ ይቅርታ፣ ከተራ የጥራት ባለሙያነት ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው፤ ያደረሰውም የሰማውን አለመሳቱ ነው። በሰው ንግግር ላይ አንዲት ቃል ስትጨመር ወይም ስትቀነስ፣ እህል ሲያኝክ አሸዋ እንደገጠመው ሰው ፊቱ ጭምድድ ይላል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን አዳራሽ ውስጥ አሰልፎ የትናንቱን በቃላቸው ያስወጣቸዋል። ሳል ካለ ሳሉ ይሳላል፤ ለቅሶ ካለ ከየትኛው ቃል በኋላ እንደጀመረ ይነገራል። አንዱ ምስኪን «እየመጣሁ ነው» የሚለውን «መጣሁ» ብሎ ያሳጠረ ዕለት፣ በነዚህ በሁለቱ መሀል ሀገር ሊፈርስ ይችላል ብሎ ወደ ምድር ቤት አወረደው። ምድር ቤቱ የመንገድ ካሜራዎች ክፍል ነው፤ ስክሪን እንጂ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ቃል በቃል ከዚያ የከፋ ቅጣት በምድር ላይ ያለ አይመስለውም ነበር።

ቤቱ ሲገባ ግን ጆሮው ያርፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ጆሮ ነውና ይገባዋል። ሚስቱ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር ያደረገችውን ባልዲ እየደፋች፣ ቧንቧው ያፈሳል፣ ሠራተኛ ጥራልኝ ትለዋለች። እሱ «እህም» ይላል። ባልዲው ደግሞ ይሞላል፣ እሷም ደግማ ትናገራለች፣ እሱም «እህም» ይላል። ትዳራቸው በዚህ መልክ በሰላም ይኖር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ መጣች። ዘበኛው ወዴት ነሽ ቢላት፣ የተቀዳ ድምፅ ልወስድ ነው አለችው፤ ለማሳጠር የሰጠችውን ሱሪ ልትቀበል የመጣች ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ስለማያውቅ በሩን ከፍቶ አሳለፋት።

የሴትየዋ ጉዳይ እንዲህ ነው። አባቷ ሲሞት ግቢው በታላቅ ወንድሟ ስም ሆነ። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዎቿን ደርድራ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ያን ሰሞን ወንድሟ ደውሎ፣ ክፍሏ የአንቺ ናት፣ ማንም አይነካሽም አላት። አሁን ግን ክፍሏን ለስልክ ሻጭ ሊያከራያት ተዋውሎ፣ መኪናዎችሽን አንሺ እያለ ነው። ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛዋ፣ እንዲህ ሲል የሰማ ምስክር አለሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ የላትም። ጎረቤቷ ሲያጽናናት፣ «ምን ቸገረሽ፣ ስልክሽን መንግሥት ይሰማው የለ? እሱን ጥሪው» አላት። እሱ ሊያስቃት ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ሌሊቱን ስታስበው አድራ ነገሩ ልክ ሆኖ አገኘችው።

ቃል በቃል ቢሮው አስቀምጦ በትህትና አነጋገራት።

«እኛ ማንንም አንሰማም፣ እመቤቴ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። እንደማትሰሙ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ የምለው፣ ያን ቀን ሳትሰሙ የሰማችሁትን ስጡኝ ነው።»

«መሥሪያ ቤታችን የዜጎችን ምስጢር ያከብራል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን ምስጢሩ የኔ ነው። የሰው አልጠየቅኩም።»

ቃል በቃል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ያዘ። ክፋቱ፣ ያንን ስልክ ራሱ ሰምቶታል። ሥልጣን ላይ ከወጣም በኋላ ጆሮው እንዳይዶለዱም አልፎ አልፎ ከሠራተኞቹ ጋር ማዳመጫ ይደፋል፤ ያን ቀን ደግሞ የእሷ መስመር ነበር የደረሰው። ወንድሟ ሲምል፣ እሷ ስታለቅስ፣ ኋላ ደግሞ ሁለቱም የሟቹን አሮጌ ባርኔጣ አንስተው ሲስቁ አንድ በአንድ ያስታውሳል። የሴትየዋን በመርፌ የተበሳሳ ጣት አየና ሆዱ ባባ። ነገር ግን የተቋም ክብር የሚባል ነገር አለና፣ ጥያቄዋ በሚመለከተው አካል የሚታይ መሆኑን፣ የሚመለከተው አካል ግን እንደሌለ ገልጾላት ሸኛት።

ልብስ ሰፊዋ ወጥታ ለጎረቤቷ ደወለች። ሰላም ካለችው በኋላ ግን ወሬዋን የቀጠለችው ከእሱ ጋር አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት አንዱ ባለሙያ አዳራሹ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ እንደ ደንቡ ምንም ሳያጎድል አነበነበ፦

«እናንተ የምታዳምጡኝ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ወንበሩ ወገባችሁን እንዳይጎዳው ትራስ አድርጉበት። ለአለቃችሁ ንገሩልኝ፣ ሰምቷል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ክፉ ሰው አይመስልም። ፈርቶ ነው።»

አንዳንዱ ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነከሰ። ቃል በቃል ጥርሱን ነክሶ «ትክክል ነው» አለ፤ አንዲት ቃል አልጎደለማ፣ ምን ይበል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሴትየዋ ሰላምታ ይነበነብ ጀመር። ሠራተኞቹም ትራስ ገዙ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሰዎች ስልክ ሲደዋወሉ፣ ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ እንዳይክደኝ እያሉ ለጽሕፈት ቤቱ አደራ መስጠት ያዙ። አንዷማ እጮኛዋን፣ እዚህ ላይ ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ በደንብ ይመዝገብልኝ ብላዋለች። የመንግሥትን ምስጢር እንደ ሕዝብ ቧንቧ ሊጠቀሙበት ፈለጉ እኮ። ይኼን ጊዜ የበላዮች ተቆጡ። ልብስ ሰፊዋ በዚህ መሀል ዳኛዋን አስፈቅዳ ጽሕፈት ቤቱን በምስክርነት አስጠርታ ነበርና፣ ለቃል በቃል ከበላይ አንዲት አጭር ትእዛዝ ወረደች፤ ሂድና ካድ የምትል።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ለሰው አልበቃ አለ። ወንድምየው አዲስ ኮት ለብሶ ፊት ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ መቀነቻዋን እየፈታች ትቋጥራለች፤ ከቀናት በኋላ መኪናዎቿ ክፍሏ ውስጥ ይሁኑ ወይ ሜዳ ላይ፣ የሚታወቀው ዛሬ ነው። ቃል በቃል ምሎ ቆመና ያዘጋጀውን ንግግር አወረደው። ጽሕፈት ቤቱ የዜጎችን ነፃነት እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ መሆኑን፣ ከተቋቋመ ጀምሮ አንዲት ቃል ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ወደፊትም የመስማት ዕቅድ እንደሌለው ግርማ ሞገስ ባለው ድምፅ አሰማ። ዳኛዋ አመስግነው አስቀመጡት። የልብስ ሰፊዋ እጅ መቀነቻው ላይ ቀረ።

ዳኛዋ ወደ ወንድምየው ዞረው፣ እስቲ እርስዎ ምን ነበር ያሏት ብለው ጠየቁ። ሰውየው የሚሰማው መንግሥት እንዳልሰማ በመሐላ ሲረጋገጥለት ልቡ ቅቤ ጠጥቷል።

«ክፍሏ ላይ ለጊዜው ተቀመጪ፣ ኋላ እንነጋገራለን፣ ነው ያልኳት።»

ቃል በቃል ተቁነጠነጠ። ለጊዜው? አሸዋዋ ጥርሱ መሀል ገባች። ዝም በል፣ አለ ለራሱ፤ አገር፣ ተቋም፣ ጡረታ፣ ዝም በል። የኮቱን ቁልፍ ጨምድዶ ያዘ።

«እሷም እሺ አለች፣ አመስግናኝ ስልኩን ዘጋችው» ብሎ ቀጠለ ወንድምየው።

ይኼኛው ከቃል በቃል አቅም በላይ ሆነ። ሳይጠራ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስህተት ነው። ‹ለጊዜው› የሚል ቃል የለበትም። ‹እህቴ፣ መንገድ ዳሯ ክፍል ያንቺ ናት፤ እኔም ልጆቼም አንነካሽም፤ በአባታችን አጥንት› ነው ያለው። እሺም አላለች፣ አላመሰገነችም። ታለቅስ ነበር። ስልኩን የዘጋው እሱ ነው፤ ያውም ስለ ባርኔጣው ከሳቁ በኋላ።»

በችሎቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ያዘ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኔትወርኩስ እንዴት ነበር?»

«ጥርት ያለ ነበር» አለ ቃል በቃል፤ ባለሙያ ነውና።

ያን ጊዜ ነው የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ የደረሰው። ልብስ ሰፊዋ ግን እንባዋን በመቀነቻዋ ጠርጋ፣ ከነፍሷ «ይባርክህ» አለችው። ክፍሏ ተፈረደላት። ወንድምየው ኮቱን ሳይቆልፍ ወጣ።

መንግሥት ደግሞ ከስህተቱ የማይማር እንዳይመስላችሁ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሕዝቡ ስንት ዘመን ሲለምነው የኖረው የግል ሕይወት መጠበቂያ አዋጅ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ታወጀ። የተጨበጨበው ሳይነበብ ነው። ሲነበብ የተጠበቀው የጽሕፈት ቤቱ የግል ሕይወት ሆኖ ተገኘ። ማንም ዜጋ ጽሕፈት ቤቱ የሰማውን እንዳይጠይቅ፣ ያልሰማውን እንዳይጠረጥር፣ በሥራ ላይ ሳለም ሰላም እንዳይለው ተከለከለ። በአዋጁ መጀመሪያ የተቀጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ጥፋቷ አንድን ተቋም ያለ ፈቃዱ ማወቅ ነው። ስልኳ ተዘጋ፣ ክፍሏ ውስጥም የማንም ስልክ እንዳይገባ በሯ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

እንዲህ ያለ ቅጣት ይውረድባችሁ ብሎ የሚመርቅ በተገኘ። በከተማው ሙሉ ማንም የማይሰማባት ቦታ ያቺ ክፍል ብቻ ሆነች። ሰው ሁሉ ድንገት ሱሪው ረዘመበት። ሊያሳጥር የመጣው ስልኩን በር ላይ ባለው ቅርጫት ጥሎ ይገባና፣ በመኪናዎቹ መሀል በርጩማ ስቦ፣ ዓመት ያፈነውን ሲያወራ ይውላል። ልብስ ሰፊዋም እየሰፋች ታዳምጣለች፤ ስትስቅ ክሩ ይበጠስባታል።

ጽሕፈት ቤቱ ዝም አላለም። ከክፍሏ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ላይ ካሜራ ሰቀለ። ካሜራውን ምድር ቤት ሆኖ እንዲከታተል የተመደበውም ቃል በቃል ነው። የወረደው በመስማቱ አይደለም፤ ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ በመናገሩ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲከፈትና ሲከደን ያያል። አንዳች ቃል የለም። አንገቱን ወደ ስክሪኑ ያሰግጋል፣ ጆሮውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ ማንም አይቶት እንደሆነ ዞር ብሎ ያያል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ፣ በክፍሏ መስኮት በኩል፣ የሚያውቀውን ሻርፕ አየ። ሚስቱ ናት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች፤ የተሰበሰበው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እሷም እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ሲኖሩ ኖረው እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ምን እያለች ይሆን? ሠራተኞቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ሮጠ ማለት ይቀላል።

ሚስቱ ወጥ ቤት ባልዲ ስትደፋ ደረሰ።

«ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ቤት ምን ስታወሪ ነበር?» አላት ገና ጫማውን ሳያወልቅ። «ምንም ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

ባልዲውን ከቦታው መልሳ አየችው።

«ስለ ቧንቧው ነዋ።»

ቃል በቃል ጫማውን ለማውለቅ ካጎነበሰበት ቀና አለ።

«የቱ ቧንቧ?»