የብራያንን እናት ጠይቄ ያስነሣሁት ዕዳ

ቁጭ ብላችኋል? ካልሆነ ቁጭ በሉ። ዛሬ በገዛ አፌና በገዛ ካርዴ የሞተ ዕዳ ከመቃብር አውጥቼ መጣሁ!

ነገሩ የሚጀምረው ከሶፋ ነው። ነጭ ሶፋ። የዛሬ ስምንት ዓመት ለልጄ ለሜሮን ምርቃት እንግዳ ይመጣል ብዬ በክሬዲት ካርድ ገዛሁት። ብዙም ሳልቆይ ከሥራ ሌይኦፍ ተደረግኩ። መክፈል አቆምኩ። መጀመሪያ ደወሉ፣ ጻፉ፣ በኋላ እነሱም ዝም አሉ። እኔም ዝም። የመጨረሻውን ከከፈልኩ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ሶፋው ራሱ ከተጣለ ቆየ እኮ!

ዛሬ ጠዋት ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምቀበልበት ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ብራያን የሚባል ዕዳ ሰብሳቢ። መሥሪያ ቤቱ የድሮ ዕዳዬን ገዝቶታል። አራት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር።

እዚህ ላይ መዝጋት ነበረብኝ አይደል?

ብራያን ግን «ሃው ዩ ዱዊንግ፣ ማም?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰላምታ ከተጀመረ ሳልጨርስ አልለቅም። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? እናትህ ደህና ናቸው?



«እናቴ ሆስፒታል ናት» አለኝ።

አለቀልኝ!

እስቲ ፍረዱኝ፤ እናቱ የታመሙበት ሰው በባዶ እጁ ይሸኛል? እኛ የታመመ ስንጠይቅ ብርቱካን እንኳን ሳንይዝ እንሄዳለን? «ለጊዜው ስድሳ ዶላር ልስጥህ» ብዬ የዴቢት ካርዴን ቁጥር አነበብኩለት።

ስድሳው ለእናቱ የሚደርስ ይመስል!

በኢሜይል ኮንፈርም አድርጊ ሲለኝ ደግሞ አሳምሬ ጻፍኩ፦ «ወንድሜ ብራያን፣ ዕዳው የእኔ ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ።»

ይህን እየጻፍኩ አንድ ሹፌር በመስኮት ይለምነኛል። ያለፈው ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው። «ሰዓት ካለፈ አለፈ፣ ጌታዬ» ብዬ የሙሉ ቀን አስከፈልኩት። ለሰው ሲሆን እንዴት ነው የማውቅበት!

ምሳ ሰዓት ላይ ሜሮን ጋ ደወልኩ። ሚድታውን ጠበቆች ቢሮ ነው የምትሠራው። ጨዋ እናት እንዳላት ትወቅ ብዬ ክፍያውንም ኢሜይሉንም ነገርኳት።

«ማሚ፣ ኖ! በጽሑፍ? ላይክ፣ ሲሪየስሊ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«እዚህ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ዓመት ካለፈው መክሰስ አይችሉም። ይደውሉ፣ ይለምኑ፤ ፍርድ ቤት ግን አበቃ። አንቺ ከፍለሽ የእኔ ነው ብለሽ ስትጽፊላቸው ሰዓቱን ከዜሮ አስጀመርሽላቸው ማለት ነው። ካስፈረዱብሽ ከደሞዝሽ ይቆርጣሉ!»

«ልጁ እኮ እናቱ ታመውበታል…»

«ማሚ! የደወለው ስለ እናቱ አይደለም!»

ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ለምን አልነገርሽኝም? ሥራዬ እኮ ነው።»

ምን ልበላት? ለአንቺ ምርቃት የተበደርኩት ነው ልበላት? እንዳይከፋት ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቄያት ኖርኩ። ዛሬ ነገርኳት።



«ያንን ሶፋ አልወደውም ነበር» አለችኝ። «ላስቲኩን አላወልቅም ብለሽ፣ በተነሣሁ ቁጥር እግሬ ላይ ይጣበቅ ነበር።»

ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ለስምንት ዓመት የደበቅኩት ማንም ላልወደደው ሶፋ ነው።

ቅዳሜ ከቢሮዋ ጠበቃ ጋር ታገናኘኛለች። እስከዚያ መክፈል የለም፣ መጻፍ የለም፣ ስልክ ማንሣት የለም። እናንተም የድሮ ዕዳ ብሎ የሚደውል ካለ «ደብዳቤ ላክልኝ» ብላችሁ ዝጉ። ሳንቲም ከመስጠታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የቤተሰብ ጤና ግን እንዳትጠይቁ!

ይኸው ይህን ስጽፍ ብራያን እንደገና ይደውላል። አላነሣሁም። በእናቴ ስም፣ አላነሣሁም!

ግን እናቱ ተሽሏቸው ይሆን?